የአንባቢያን ጥያቄዎች፦ ኦሌድ ቴሌቪዥን ለየትኛው ሳሎን?

የዚህ እትም አምዳችን ኦሌድ ቴሌቪዥን ለመግዛት የተዘጋጁ፣ ወይም ገዝተው ግር ያላቸው አንባቢያን የላኩልንን ጥያቄዎች ያስተናግዳል። ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ «ከሁሉ የሚሻለው የትኛው ነው?» ከሚል አንድ መስመር አያልፉም። ስለ ክፍሉ ብርሃን፣ ስለሚታየው ዝግጅትና ስለ መቀመጫው ርቀት ምንም ሳናውቅ ለዚህ መልስ መስጠት ስለማንችል፣ እነዚህን ዝርዝሮች የጻፉልንን አስቀድመናል።

ጥያቄ፦ ሳሎናችን በሁለት ጎን ሰፋፊ መስኮቶች አሉት። ቀን ልጆች ያያሉ፤ ማታ ደግሞ እኔና ባለቤቴ ፊልም እናያለን። ባለ 65 ኢንች ኦሌድ ለመግዛት ወስነናል። አንዱ ሻጭ «ኳንተም ዶት ያለበትን ኦሌድ ውሰዱ፤ ቀለሙ ይበልጣል» ይለናል፤ ሌላው ደግሞ «ብርሃን ለበዛበት ክፍል እሱ አይሆንም» ይላል። ማንን እንመን?

መልስ፦ ሁለቱም ሻጮች እውነት ተናግረዋል፤ ልዩነቱ አንደኛው ስለ ማታው፣ ሁለተኛው ስለ ቀኑ መናገሩ ነው።

በኦሌድ ስክሪን ላይ እያንዳንዱ ፒክስል፣ ማለትም ምስሉ የሚገነባበት እያንዳንዱ ደቃቅ ነጥብ፣ የራሱን ብርሃን ያመነጫል፤ አንድ ባለ 4ኬ ቴሌቪዥን ደግሞ እንዲህ ያሉ ከ8 ሚሊዮን በላይ ፒክስሎች አሉት። ጥቁር መሆን ያለበት ፒክስል ፈጽሞ ሲጠፋ አጠገቡ ያለው በሙሉ ኃይሉ ሊበራ ይችላል። ከስክሪኑ ጀርባ በተደረደሩ መብራቶች የሚሠሩት የኤልሲዲ ቴሌቪዥኖች፣ «ኪውሌድ» እየተባሉ የሚሸጡትም ጭምር፣ እንዲህ ማድረግ ስለማይችሉ በጨለማ ትዕይንት ላይ ያለ አንድ መብራት ወይም የትርጉም ጽሑፍ ዙሪያው ጭጋግ የለበሰ ይመስላል። ኦሌድን ከፍ ባለ ዋጋ የምንገዛው በዋናነት ለዚህ ጥቁር ስንል ስለሆነ፣ ቤት ውስጥ ያለው ብርሃን ይህን ጥቁር ምን እንደሚያደርገው ማወቅ ከሌላው ሁሉ ይቀድማል።

ለትልልቅ ቴሌቪዥኖች የሚሆነውን የኦሌድ ፓነል፣ ማለትም ምስሉን የሚያሳየውን የስክሪኑን አካል፣ በብዛት የሚያመርቱት ኤልጂ ዲስፕሌይና ሳምሰንግ ዲስፕሌይ ናቸው። የመጀመሪያው ነጭ ብርሃን አመንጭቶ በቀለም ማጣሪያ የሚያሳልፍ፣ ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ በተጨማሪም አራተኛ ነጭ ንዑስ ፒክስል ያለው ፓነል ይሠራል። ሁለተኛው ሰማያዊ ብርሃን አመንጭቶ ኳንተም ዶት በሚባሉ የብርሃንን ቀለም የሚቀይሩ እጅግ ደቃቅ ቅንጣቶች አማካይነት ወደ ቀይና ወደ አረንጓዴ የሚለውጥ ፓነል እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ማምረት ጀመረ፤ ይህ ፓነል ያለባቸው ቴሌቪዥኖችም በ2022 ለገበያ ቀረቡ። ሶኒ፣ ፓናሶኒክና ፊሊፕስ ፓነል የሚገዙት ከሌላ ሲሆን፣ የምስል ማቀናበሪያውን፣ የሙቀት ማስወገጃውንና ሶፍትዌሩን ግን በየራሳቸው መንገድ ያዘጋጃሉ። ስለዚህ ፍሬሙ ላይ የተጻፈው ስም ብቻውን በውስጡ ያለውን ፓነል አይነግርዎትም። እንዲያውም በአንድ የሞዴል ስም ሥር መጠኑ ሲለያይ ፓነሉም የሚለያይበት ጊዜ አለ፦ የሳምሰንግ ኤስ90ሲ ባለ 65 ኢንቹ ኳንተም ዶት ያለበት ሆኖ ሳለ ባለ 83 ኢንቹ ነጭ ብርሃን የሚጠቀመው ፓነል ነበር። ሻጩን ስለ ሞዴሉ ሲጠይቁ መጠኑንም አብረው ይጥቀሱ።

ኳንተም ዶት ያለበት ፓነል ነጭ ንዑስ ፒክስል ስለሌለው ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ቀለሞች በጣም ደምቀው በሚበሩበት ጊዜም አይደበዝዙም። አበባ፣ የስታዲየም ሣር፣ የመድረክ መብራት የመሳሰሉት ላይ ልዩነቱ በዓይን ይታያል። ይሁን እንጂ ይህ ፓነል ከፊቱ ፖላራይዘር የሚባለው ማጣሪያ የለበትም። ፖላራይዘር ከክፍሉ የሚመጣውን ብርሃን ዋጥ አድርጎ የሚያስቀር ንጣፍ ነው፤ እሱ በሌለበት የመስኮት ብርሃን ስክሪኑ ላይ ሲያርፍ ጥቁሩ ወደ ግራጫ፣ አንዳንዴም ወደ ሐምራዊ ያዘነብላል። ክፍሉ ሲጨልም ይህ ጉድለት ፈጽሞ ይጠፋል። ነጭ ብርሃን የሚጠቀመው ፓነል ግን ፖላራይዘር ስላለው በቀንም ጥቁርነቱን ይዞ ይቆያል።

ሳምሰንግ ከ2024 ጀምሮ በከፍተኛ ሞዴሉ ላይ የመስኮትንና የመብራትን ነጸብራቅ የሚበትን ሻካራ ሽፋን አድርጓል። ከሶፋው ጀርባ መስኮት ላለው ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ የራስን ፊት በጨለማ ትዕይንት ውስጥ ማየት ይቀራል። ነገር ግን የሚበተነው ብርሃን የትም አይሄድም፤ በስክሪኑ ገጽ ላይ ተዳርሶ ጥቁሩን በቀጭኑ ያነጣዋል። እኔ በበኩሌ ማታ መብራት አጥፍቶ ፊልም ለሚያይ ሰው ይህን ሽፋን አልመርጥለትም።

ስለ ድምቀት አንድ ነገር ልጨምር። በማስታወቂያ ላይ የሚነበበው የኒት ቁጥር፣ ማለትም የብርሃን መጠን መለኪያው፣ የሚለካው በስክሪኑ ጥቂት ክፍል ላይ ብቻ ነው። ከፍተኛ ደረጃ ያላቸው የቅርብ ዓመታት ኦሌዶች በትንሽ ቦታ ላይ ከ1,500 ኒት ሊያልፉ ቢችሉም፣ መላው ስክሪን ነጭ ሲሆን የኃይል ፍጆታንና ሙቀትን የሚቆጣጠረው ሥርዓት ብርሃኑን በመቀነስ ወደ 200 ወይም 400 ኒት አካባቢ ያወርደዋል። በረዶ ላይ የሚደረግ ስፖርት ወይም ልጆች የሚያዩት ነጭ መደብ የበዛበት ካርቱን በቀን ብርሃን ፈዘዝ ያለ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው።

በእርስዎ ቤት መስኮቶቹ ወፍራም መጋረጃ ካላቸውና ቀን ላይ ለመዝጋት ፈቃደኛ ከሆናችሁ፣ ኳንተም ዶት ያለበትን ወስዳችሁ በማታው ፊልም ትደሰታላችሁ። መጋረጃ የማይዘጋ ከሆነ ነጭ ብርሃን የሚጠቀመውን ፓነል፣ በተለይም ከ2025 ጀምሮ በአራት ድርብርብ ብርሃን አመንጪ ንጣፍ የሚሠራውን፣ እመክራለሁ፤ የኤልጂ ጂ5 ባለ 65 ኢንቹና የፓናሶኒክ ዜድ95ቢ ይህን ይጠቀማሉ። ፀሐይ በቀጥታ ስክሪኑ ላይ የምታርፍ ከሆነ ግን ቴሌቪዥኑን ከመምረጥ በፊት የሚቀመጥበትን ግድግዳ ይቀይሩ።

ጥያቄ፦ አባታችን ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከጠዋት እስከ ማታ አንድ የዜና ጣቢያ ከፍተው ይውላሉ። እኛ ልጆቻቸው ተዋጥተን ጥሩ ቴሌቪዥን ልንገዛላቸው አስበናል። ኦሌድ ላይ የጣቢያው ዓርማ ተጣብቆ ይቀራል ሲባል ሰማን። እውነት ነው? ወይስ የድሮ ወሬ ነው?

መልስ፦ እውነት ነው፤ ሆኖም ከሚወራው ያነሰ፣ ሻጮች ከሚሉት ደግሞ የበዛ ነው።

የኦሌድ ብርሃን የሚመነጨው ከኦርጋኒክ ውህዶች ሲሆን እነዚህ ውህዶች በበሩ ቁጥር እየደከሙ ይሄዳሉ፤ ከቀለሞቹም ሰማያዊው ፈጥኖ ይደክማል። ሁሉም ፒክስሎች እኩል ቢደክሙ ዓይናችን አይለየውም ነበር። ችግሩ የሚመጣው በአንድ ጥግ ላይ ሁልጊዜ ደማቅ ዓርማ ወይም ከታች በኩል ቀይ የዜና መስመር ሲቀመጥና እነዚያ ፒክስሎች ከጎረቤቶቻቸው ቀድመው ሲያረጁ ነው። ያኔ ጣቢያው ተቀይሮ ወይም ፊልም ተከፍቶ እንኳ የዓርማው ጥላ በተመሳሳይ ቀለም መደብ ላይ ይታያል፤ እንዲህ ያለው ጠባሳ ደግሞ አይጠገንም። ለጥቂት ደቂቃ ታይቶ ራሱ የሚጠፋው ጊዜያዊ ጥላ ከዚህ የተለየ ስለሆነ አያስደንግጣችሁ።

አምራቾች ለዚህ መከላከያ ሠርተዋል። ምስሉ አልፎ አልፎ በጥቂት ፒክስሎች ይንሸራተታል፤ ሶፍትዌሩ የማይንቀሳቀስ ዓርማ ሲያይ የዚያን አካባቢ ብርሃን ይቀንሳል። ከሁሉ የሚጠቅመው ግን ቴሌቪዥኑ ከጠፋ በኋላ የሚከናወነው የማስተካከያ ሥራ ነው። በብዙዎቹ ኦሌዶች የተጠራቀመው የአገልግሎት ጊዜ 4 ሰዓት ገደማ ሲሞላ፣ ቴሌቪዥኑ በሪሞት እንደጠፋ ለተወሰኑ ደቂቃዎች የፒክስሎቹን ሁኔታ ለክቶ ልዩነታቸውን ያካክሳል። በኤልጂ ሞዴሎች ላይ ረዘም የሚለው ማስተካከያ ወደ 2,000 ሰዓት ሲጠጋ ይመጣል። ይህ ሁሉ የሚሠራው መሣሪያው ኤሌክትሪክ እያገኘ ከቆየ ብቻ ስለሆነ፣ ማታ ማታ ከሶኬት የመንቀል ወይም ማከፋፈያውን የማጥፋት ልማድ ያለበት ቤት ሳያውቅ መከላከያውን ያጠፋዋል። ረዘም ያለውን ማስተካከያ በእጅ ደጋግሞ ማስጀመር ደግሞ ፓነሉን ያለምክንያት ያደክማል፤ ቴሌቪዥኑ ራሱ ሲጠይቅ ይበቃል።

አሁን ወደ አባታችሁ እንመለስ። በቀን 10 ሰዓት አንድ ጣቢያ የሚታይ ከሆነ በዓመት 3,650 ሰዓት ዓርማው አንድ ቦታ ላይ ይቆማል ማለት ነው። ብርሃኑን ዝቅ አድርጎ በመክፈት፣ ጣቢያዎችን በማቀያየርና ስክሪን ሴቨሩን ባለማጥፋት ጉዳቱን ማዘግየት ይቻላል፤ ነገር ግን አንድን አዛውንት በገዛ ቤታቸው የሚወዱትን ጣቢያ እየተሳቀቁ እንዲያዩ ማድረግ ስጦታ አይሆንም። እኔ ለእሳቸው ኦሌድ አልመክርም። ሚኒ ሌድ በሚባሉ ጥቃቅን የጀርባ መብራቶች የሚሠራ ጥሩ የኤልሲዲ ቴሌቪዥን ቀን ላይ ደምቆ ይታያል፤ ዓርማም አያስፈራውም፤ በዚያው ገንዘብም ሰፋ ያለ መጠን ልታገኙ ትችላላችሁ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ኦሌድ የምትመርጡ ከሆነ የዋስትና ወረቀቱ የስክሪን ጠባሳን እንደሚሸፍን በግልጽ የተጻፈ መሆኑን አንብቡ፤ የሻጩ የቃል ማረጋገጫ በዚህ ጉዳይ ላይ ዋጋ የለውም።

ጥያቄ፦ ሶፋችን ከግድግዳው በ3 ሜትር ርቀት ላይ ነው። ባለ 65 ኢንች ይበቃናል ወይስ ወደ 77 እንለፍ? ስለ 8ኬም ብትነግሩን።

መልስ፦ ለቤት ውስጥ የተለመደው መመሪያ ስክሪኑ በዓይናችን ፊት ቢያንስ 30 ዲግሪ ስፋት እንዲይዝ፣ የሲኒማ ስሜት የሚፈልግ ሰው ደግሞ ወደ 40 ዲግሪ እንዲጠጋ ይመክራል። የ65 ኢንች ስክሪን ወርድ 144 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ 30 ዲግሪ የሚሞላው በ2.7 ሜትር፣ 40 ዲግሪ የሚሞላው በ2 ሜትር ግድም ነው። ወርዱ 170 ሴንቲ ሜትር በሆነው 77 ኢንች ላይ እነዚህ ርቀቶች 3.2 እና 2.3 ሜትር ይሆናሉ። እናንተ የነገራችሁን የሶፋውን ርቀት ነው፤ ዓይን ከሶፋው ጀርባ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ስክሪኑም ከግድግዳው ትንሽ ወጣ ብሎ ስለሚገኝ እውነተኛው ርቀት ከ3 ሜትር ያንሳል። ስለዚህ ፊልም የምትወዱ ከሆነና ግድግዳው ከቻለ 77 ለእናንተ ትልቅ አይደለም። በተቃራኒው አብዛኛው የምታዩት ጥራቱ ዝቅ ያለ የሳተላይት ሥርጭት ከሆነ ትልቅ ስክሪን ጉድለቱን አጉልቶ ያሳያልና 65 ላይ መቆየቱ ይሻላል። ከመወሰናችሁ በፊት ወርዱንና ቁመቱን በወረቀት ማጣበቂያ ግድግዳው ላይ ምልክት አድርጋችሁ ጥቂት ቀን ተመልከቱት።

የ4ኬን አራት እጥፍ ፒክስሎች ያለውን 8ኬን እርሱት። በ3 ሜትር ርቀት የሰው ዓይን የ4ኬን ፒክስሎች እንኳ ለይቶ አያይም፤ በ8ኬ የተዘጋጀ ፊልምም እንደ ልብ አይገኝም።

ስክሪኑን ከፍ አድርጎ የመስቀል ፈተና አለ፤ አትሸነፉለት። ተቀምጣችሁ ስታዩ ዓይናችሁ ከስክሪኑ መሃል ወይም ከዚያ ትንሽ ዝቅ ካለው ክፍል ጋር ይገጣጠም።

ጥያቄ፦ ፕሌይስቴሽን 5፣ ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስና ሳውንድባር አለኝ። ሻጩ «አራት የኤችዲኤምአይ መሰኪያ አለው፤ ይበቃሃል» አለኝ። ይበቃል?

መልስ፦ የመሰኪያዎቹን ቁጥር ብቻ አይጠይቁ፤ ስንቶቹ በ4ኬ 120 ሄርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 120 ምስል፣ መቀበል እንደሚችሉ ይጠይቁ። በኤልጂና በሳምሰንግ ከፍተኛ ሞዴሎች አራቱም ይችላሉ፤ በሶኒ ኤ95ኤል ላይ ግን ሁለቱ ብቻ ሲሆኑ፣ ከእነዚህ አንዱ ድምፅ ወደ ሳውንድባር የሚያስተላልፈው የኢአርክ መሰኪያ ነው። ሳውንድባሩ ያንን ሲይዝ ለሁለቱ ጌም ማጫወቻዎች አንድ ብቻ ይቀራል። በእርስዎ ሁኔታ ይህ ወሳኝ ነው። ኬብሉም «አልትራ ሃይ ስፒድ» የሚል ማረጋገጫ ያለው ይሁን። ከጌም አንጻር የኦሌድ ፒክስል ከ1 ሚሊ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ስለሚቀየር ከፍጥነት ወገን የሚያሳስብዎት ነገር የለም፤ የማይንቀሳቀሱ የጌም ምልክቶችን በተመለከተ ግን ከላይ ስለ ዓርማ የተናገርነውን ያንብቡ።

ጥያቄ፦ ውድ የሆነ ኦሌድ ገዛሁ። ነገር ግን ፊልሞቹ ሁሉ በቪዲዮ ካሜራ የተቀረጸ ድራማ ይመስላሉ፤ የሰው ፊትም ወደ ሰማያዊ ያደላል። ቴሌቪዥኑ ብልሽት አለበት?

መልስ፦ ብልሽት የለበትም፤ ከሱቅ እንደወጣ ያለ ማስተካከያ እያዩት ነው። ፊልም የሚቀረጸው በሰከንድ 24 ፍሬም ሲሆን፣ ቴሌቪዥኑ በመካከላቸው በራሱ ስሌት ተጨማሪ ፍሬሞችን ሲፈጥር እንቅስቃሴው ከተፈጥሮው በላይ ይለሰልሳል። ፊልም ሠሪዎች ይህን አምርረው ስለተቃወሙት በ2019 «ፊልምሜከር ሞድ» የተባለ የጋራ አማራጭ ይፋ ሆነ፤ እሱን ሲመርጡ የፍሬም ፈጠራውና አላስፈላጊው ማሾል በአንድ ጊዜ ይጠፋሉ፤ ቀለሙም ፊልሙ ሲዘጋጅ ወደነበረው ይጠጋል። ይህ አማራጭ ከሌለ «ሲኒማ» የሚለውን ይምረጡ፤ «ቪቪድ» የሚለውን ግን ለሱቅ ይተዉት። የቀለሙን ሙቀት «ዋርም» ላይ ያድርጉ። መጀመሪያ ላይ ምስሉ ቢጫ የተነከረ ይመስልዎታል፤ ዓይንዎ ለሰማያዊው ነጭ ስለለመደ ነውና ጥቂት ማታ ታግሰው ይዩት፤ ከዚያ ወዲያ የድሮው ነው በረዶ የሚመስልዎት።

አንድ እውነተኛ የኦሌድ ጠባይ ግን ማወቅ አለብዎት። ፒክስሎቹ እጅግ ፈጣን ስለሆኑ 24ቱ ፍሬሞች አንዱ ከሌላው ሳይደበላለቁ ይታያሉ፤ በዚህም ምክንያት ካሜራው ቀስ ብሎ ወደ ጎን ሲዞር ምስሉ የሚንቀጠቀጥ ይመስላል። ይህ የሚያስቸግርዎ ከሆነ የእንቅስቃሴ ማለስለሻውን በትንሹ ደረጃ ብቻ መልሰው ይክፈቱት፤ በዚህ ንጽሕና ፈላጊ መሆን አያስፈልግም። የኃይል ቆጣቢውንም አማራጭ ይመልከቱ፤ ብዙ ጊዜ ኤችዲአር የሚባለው፣ ብርሃንና ጨለማን በሰፊ ልዩነት የሚያሳየው የምስል ዓይነት «ጨለመብኝ» የሚሉ ባለቤቶች ያልዘጉት እሱን ነው።

ስለ ኤችዲአር ካነሣን፣ የሳምሰንግ ኦሌዶች እስካሁን ዶልቢ ቪዥን የተባለውን የኤችዲአር ዓይነት አይቀበሉም፤ የኤልጂና የሶኒዎቹ ደግሞ ኤችዲአር10 ፕላስ የተባለውን ሌላ ዓይነት አይቀበሉም፤ ፓናሶኒክና ፊሊፕስ በከፍተኛ ሞዴሎቻቸው ሁለቱንም ያሳያሉ። ለመግዛት ምክንያት የሚሆን ጉዳይ ነው ብዬ ግን አላምንም። ቴሌቪዥኑ የማያውቀው ዓይነት ሲመጣ ወደ መሠረታዊው ኤችዲአር10 ይመለሳል፤ ጥሩ ፓነል ላይ ልዩነቱ ጥቂት ነው።

ጥያቄ፦ አዲሱ ሞዴል በቅርቡ ይወጣል እየተባለ ነው። የአምናውን በቅናሽ ልውሰድ ወይስ ልጠብቅ?

መልስ፦ አብዛኞቹ አምራቾች አዳዲስ ሞዴሎቻቸውን በፈረንጆቹ ጥር (ጃንዋሪ) ወር በላስ ቬጋስ በሚካሄደው ሲኢኤስ በተባለው ትርኢት ሰሞን ያስተዋውቃሉ፤ ወደ ሱቅ የሚደርሱት ግን ከወራት በኋላ ነው። አዲሱ ሲገባ የአምናው ዋጋው ይወርዳል፤ በዚህ ጊዜ የአምናውን መውሰድ በአብዛኛው ዓመት ትክክለኛ ውሳኔ ነው። እውነተኛ ለውጥ የታየባቸው ዓመታት ጥቂት ናቸው፦ በ2022 ኳንተም ዶት ያለበት ፓነል መጣ፤ በ2023 በደቃቅ ሌንሶች ብርሃኑን ወደ ተመልካች የሚገፋ ንጣፍ ተጨመረ፤ በ2025 አራት ድርብርብ የሆነው ንጣፍ ታየ። በእነዚህም ዓመታት እንኳ አዲሱ ነገር በሁሉም መጠን ላይ አልነበረም፤ ለምሳሌ በ2023 የወጣው የኤልጂ ጂ3 ባለ 83 ኢንቹ ሌንሶቹ አልነበሩበትም።

ለትዕይንት ሲበራ የከረመ መሣሪያ በቅናሽ ቢቀርብልዎት ግን አይውሰዱ። ፓነሉ በከፍተኛ ድምቀት ተመሳሳይ ማስታወቂያ ሲደጋግም ቆይቷልና ያለፈበትን ሰዓት እርስዎ ይከፍሉበታል። ካርቶኑ ያልተከፈተውን ሲወስዱ ሣጥኑ ቆሞ እንጂ ተጋድሞ እንዳይጓጓዝ፣ ሲወጣም ስክሪኑ መሃሉ ላይ በእጅ እንዳይጫን ያስጠንቅቁ። ቤት እንደገባ ጨለማ ግራጫ ምስል በመላው ስክሪን ላይ ከፍተው ቋሚ መስመር ወይም ሮዝ ጥላ መኖሩን ይዩ። በጣም ቀጫጭን መስመሮች በብዙ ኦሌድ ላይ ስለሚገኙና ከመጀመሪያዎቹ የማስተካከያ ዙሮች በኋላ ስለሚቀንሱ ወዲያው አይደናገጡ፤ በተለመደ ፊልም ላይ የሚታይ ከሆነ ግን የመመለሻው ቀነ ገደብ ሳያልፍ መሣሪያውን ያስቀይሩ።